የቀይ መስቀል ክበባችን የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

አንዳንዶች የእኛን ክበብ «ልብስ ሰብሳቢዎቹ» ይሉታል። ልብስ መሰብሰባችን እውነት ነው። ዘንድሮ ግን ልጆቹ የሠሩት ከዚያ በላይ ነው፤ ይህች ገጽ ስትሰጠኝ ያንን ልጽፍባት ወሰንኩ።

የሱዳን ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በመተማ በኩል የገባው ሰው ብዛት ለጎንደር ነዋሪ አይነገርም። ሱዳናውያን ብቻ አይደሉም። እዚያ ሠርተው ያድሩ የነበሩ የእኛ ሰዎችም በእጃቸው የያዙትን ብቻ ይዘው ተመልሰዋል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ስደተኛና ተፈናቃይ አንድ ነው?» ብለው ነበር። ድንበር የተሻገረው ስደተኛ፣ በገዛ አገሩ ቤቱን ጥሎ የሸሸው ተፈናቃይ መሆኑን ከዚያ ጀምረን ተማርን።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ነበር። የመጀመሪያ እርዳታ ተለማመድን፤ ሰባቱን የቀይ መስቀል መርሆዎችም አጠናን። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ያሳየነውን ጀሪካን ታስታውሳላችሁ። ባለ 20 ሊትሩን ሞልተን 5 ሊትሩን አበባው ላይ አፈሰስን። የቀረው 15 ሊትር በሰብአዊ እርዳታ መስፈርት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ ማግኘት ያለበት ውሃ ነው። መጠጡም፣ ማብሰያውም፣ መታጠቢያውም ከዚያው ነው።

ከሁሉም የማልረሳው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት የሄድንበትን ቀን ነው። በጎ ፈቃደኛው የተጠፋፉ ቤተሰቦች እንዴት እንደሚፈላለጉ አስረዳን። የሚፈለገው ሰው ስም እስከ አያት፣ መጨረሻ የኖረበት ሰፈር፣ ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት ቀን ይመዘገባል። ከዚያ የተጠፋፉ ቤተሰቦች የሚጻጻፉበትን፣ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለውን ቅጽ አሳየን። ደብዳቤው አይታሸግም። የሚጻፍበትም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው፤ ፖለቲካ አይገባበትም።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። «እኔ መሙላት እችላለሁ?» አለች። አባቷ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ከተማ ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ስልካቸው አይሠራም። አንዳችንም አናውቅም ነበር። እኔም ጭምር፣ መምህሯ።

ወረቀቱን ይዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ጫጫታቸውን አቁመው ጠበቋት። የጻፈችው አራት መስመር ነው። ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት፣ እኔ 10ኛ ክፍል ደርሻለሁ። የመጨረሻው «አንተ ያላየኸው ሕፃን መሄድ ጀምሯል» ይላል። ለአቅመ ሔዋን ስላልደረሰች እናቷ መፈረም ነበረባቸው። በማግስቱ ሕፃኑን አዝለው መጡ።

ያልተሳካልንም አለ። መተማ ድረስ ልንሄድ ያሰብነው ጉዞ በመንገዱ ሁኔታ ቀረ። የሰበሰብነውን ልብስ የምናስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረን ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥነው። ጣሪያው ሲያፈስ ሁለት ካርቶን ሻገተብን። ልጆቹ ቁልፍ የተቀጠፈበትን ሸሚዝ ሳይቀር ሰፍተውና አጥበው ያዘጋጁት ነበር። ለስፖርት ማሊያ መገዛቱ ደስ ይለኛል፤ ለእኛም አንድ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን አይበዛብንም ነበር። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥናችንም ካለቀ ሰነበተ። ፋሻም አዮዲንም የለውም። ማገዝ የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች እረፍት ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ታገኙኛላችሁ።

ለደብዳቤው እስካሁን መልስ አልመጣም። ልጅቷና እኔ በየአስራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ቅርንጫፉ ጋ እየሄድን እንጠይቃለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋም እንቀጥላለን። የባጃጁን ለጊዜው እኔ እየከፈልኩ ነው።