በኦንላይን ፈተና እምቢ ያለ "ስስታም" ይባላል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ኩረጃ በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ፈታኝና ስለ ፍተሻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገው ለዚሁ ነው። የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር ይሰጥ እንጂ ተፈታኙ የሚቀመጠው ፈታኝ ፊት ነው። ጥሩ። ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ኩዊዝ የሚሠራውንስ ማን ያየዋል?

እኔ ቅዳሜና እሁድ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ብዙው ነገር በዙምና በቴሌግራም ነው። ኩዊዝ ሲከፈት አንድ ሰው ቀድሞ ይገባና ጥያቄዎቹን ስክሪንሾት አድርጎ ግሩፑ ላይ ይለቃል (መምህሩ የሌለበት ግሩፕ መሆኑ ነው እንግዲህ)። ሌላው መልሱን ተመካክሮ ይገባል። ቀድሞ የገባው ዝም ብሎ ሞልቶ ስለሚወጣ ውጤቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ በተራ ነው። ተራው ደርሶ እምቢ ያለ "ስስታም" ይባላል። ልብ በሉ፣ አጭበርባሪ የሚባል ሰው የለም።

መተጋገዝ የት አብቅቶ ማጭበርበር የት እንደሚጀምር የነገረን የለማ። ክፍለ ሀገር ሄዶ ኔትወርክ ያጣ ልጅ ፓስወርዱን ሰጥቶ ጓደኛው አሳይመንቱን ቢያስገባለት ጥፋት ነው? አይመስለኝም። ፈተናውንም ቢሠራለትስ? እሱ ግልጽ ነው። ቻትጂፒቲ እንግሊዝኛውን ቢያቃናለትስ? እዚህ ላይ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ሰው አይስማማም። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ያለችው ግን "ኩረጃ ክልክል ነው" የምትል አንዲት መስመር ናት።

መምህራንም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። የአምናው አሳይመንት ቃል በቃል ሲደገም መልሱ ከሲኒየሮች በፒዲኤፍ ቀድሞን ይደርሳል። ሙድል የሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም ከጥያቄ ባንክ ለየተማሪው የተለያየ ጥያቄ ማውጣት ይችላል፤ ማን ነክቶት!

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ምኑ በጋራ፣ ምኑ ለብቻ እንደሚሠራ፣ ኤአይም እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድ በምሳሌ ይንገረን። አሳይመንት ያስገባ ሰውም ስለጻፈው ነገር በዙም ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም ከተባለ ዕጣ ይጣልና አምስት ሰው ይጠየቅ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ሁሉም የጻፈውን አንብቦ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ አዲስ አበባ