ጀልባዬን ብርድ ልብስ ላለበሳችሁ

ይድረስ ለደብረ ብርሃን ሰዎች። እንደምን ከረማችሁ? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጀልባዋም ደህና ናት።

የምጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው። ብዙዎቻችሁ ስሜን አታውቁትም። «የጀልባዋ ሴትዮ» ስትሉኝ ነበር። በጥር ወር ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ አልቤርጎ ግቢ ውስጥ ከሰማያዊ ጀልባ ጎን ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ስትስቅና ስትጨቃጨቅ ያያችኋት እኔ ነኝ። ስሄድ በወጉ አልተሰናበትኳችሁም። መኪናው የተነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። እንደዚያ ሹልክ ብዬ መሄዴ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ነገሩን ከሩቅ ለሰማችሁት ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትንሽ የዓሣ ጥብስ ቤት አለችኝ። ዓሣውን የሚልክልኝ ሐይቅ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሐይቅ የምላችሁ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችውን ነው፤ ከተማውም ውሃውም ስማቸው አንድ ነው። ወንድሜ የሚሠራው በሰው ጀልባ ነበር። ካወጣው ላይ ግማሹን የሚወስደው ባለ ጀልባው ነው። እኔ ጋ ደግሞ ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ሁዳዴ ሲገባ ወንበር እንደማይበቃኝ ነው። ዕቁብም ደርሶኝ ነበር። የራሳችን ጀልባ ይኑረን ተባባልንና ያለንን አዋጣን።

ዝዋይ ላይ የሚሸጥ አለ ተባለ። የፋይበር ጀልባ ነው፣ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አለው፣ ያገለገለ ነው ግን ደህና ነው። ወንድሜ ሥራ አልለቀው ሲል እኔ ሄድኩ። ስለ ጀልባ የማውቀው ዓሣ እንደሚያመጣ ብቻ ነው።

የሻጩን ስም አልጠራም፤ ልጆች አሉት። ገመዱን አንድ ጊዜ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። ደላላው «በአንድ ስብ!» ብሎ አጨበጨበ። ክዳኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይሞቃል። ከመድረሴ በፊት ሲያሞቁት እንደቆዩ ያኔ አልገባኝም። የሞተር ጉዱ የሚወጣው ሲቀዘቅዝ ነው። የሞቀ ሞተር ይዋሻል። ይህንን የተማርኩት እናንተ ጋ ነው። «ወደ ውስጥ ገባ ብለን እንሞክራት» ስላቸው ንፋስ ተነስቷል አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር እውነትም ይነፍስ ነበር። ከፈልኩ።

ጀልባዋን ወደ ደሴ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫንናት። ከዝዋይ በሞጆ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሸኖ፣ ጫጫ እያልን ማታ ደብረ ብርሃን ገባን። ሾፌሩ ጣርማ በር ላይ ጉም ስላለ እንደር አለ። ረዳቱ ጭነቱን ለማየት ላይ ወጣ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጠራኝ።

«እናት፣ ጀልባሽ ማኪያቶ እያፈሰሰች ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በባትሪ ሳየው ከሞተሩ እግር ላይ ወተት የመሰለ ዘይት ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ጣቱን ነክሮ አሻሸው። የማርሽ ዘይት ማር ነው መምሰል ያለበት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። «እንዲህ እንዳለች ሐይቅ ብትገባ ሳምንት አትቆይም» አለኝ። ዝም ብሎ ጭኖኝ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። ኪራዩን ተቀብሏል። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ከተማው ውስጥ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ሲደውል አመሸ። ጠዋት ጀልባዋን አውርዶልኝ፣ «ስመለስ አያታለሁ፣ በሚቀጥለው ጭነት ደግሞ እወስድሻለሁ» ብሎ ሄደ። ቃሉንም ጠበቀ። ሾፌሩ ወንድሜ፣ አንተን ማመስገን የጀመርኩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ አሁንም አልጨረስኩም።

ሁሉም ሰው መልአክ ነበር አልልም። መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ሞተሩን እኔ ጋ ተይውና ግማሽ ዋጋ ልስጥሽ አለኝ። የዚያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

ጠባሴ ያሉት ጋሼ ጋ የወሰደኝ አንድ የባጃጅ ልጅ ነው። የሂሳብ ነገር ሳነሳበት ባጃጁን አስነስቶ ጠፋ። ጋሼ የጀልባ ሞተር ጠግነው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጀልባ የማውቀው በፎቶ ነው» አሉኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ክዳኑን አንስተው አዩትና ሳቁ። «ይሄማ የባህር ዛፍ መቁረጫው ታላቅ ወንድም ነው!»

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ለብቻው የሞተር ዘይት አይጨመርበትም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። የዛፍ መቁረጫ ማሽኑም እንደዚያው ነው። የድሮዎቹ ባጃጆችም እንደዚያው ነበሩ። ባህር ዛፍ በሞላበት አገር ደግሞ የመቁረጫ ሞተር የሚጠግን ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጋሼ ሐይቅ አይተው አያውቁም እንጂ የሞተሬን ዘመዶች ሁሉ ያውቋቸዋል።

ካንዴላዎቹን ፈትተው አወጡ። ከሰል ይመስላሉ። «የቀድሞ ባለቤቷ ዘይት ያበዛ ነበር» አሉ። ካርቦራቶሬውን ሲከፍቱት የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ተጣብቆበታል። ከታች ፕሮፔለሩን ሲያወልቁት ግን እሳቸውም ዝም አሉ። ዘንጉ ላይ የመረብ ክር እንደ ሹሩባ ተጠምጥሞ ጠንክሯል። ያ ክር ነው እየፈተገ ፓራሊዮውን፣ ዘይቱን ይዞ ውሃ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት፣ የቆረጠው፣ ውሃውንም ያስገባው። ክሩን በምላጭ ቀስ እያሉ ሲፈቱት አንድ ሰዓት ፈጀ። ፓራሊዮው የጀልባ ነው ብዬ ከየት ይመጣል ስል፣ «ጎማ የጀልባ የባጃጅ የሚባል የለውም፣ ቁጥሩን ነው ማየት» አሉኝ። የውስጡን ስፋት፣ የውጩን ስፋትና ውፍረቱን ለክተው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። ልክ የሆነውን ከሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ አገኘሁት።

እንደዚያ ያልተገኘው ውሃ የሚስበው ማራገቢያ ነው። ትንሽ የጎማ ነገር ናት፣ ከመዳፍ አትበልጥም። ከሐይቁ ውሃ እየሳበች ሞተሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት። ከቅጠሎቿ ግማሹ ተበጥሷል። ለዚህ ነው ለካ ዝዋይ ላይ ቶሎ ያጠፉት! ባህር ዳር ዓሣ ወደሚያወጡ ሰዎች ያስደወለልኝ አንድ የከተማችሁ አስተማሪ ነው። አዲሷ ማራገቢያ በአውቶቡስ፣ ከሾፌር ወደ ሾፌር እየተሸጋገረች በአራተኛው ቀን ደረሰችኝ። በፌስታል ተጠቅልላ ነው የመጣችው። ይዘው ያደረሷትን ሁለት ሾፌሮች በመልክ እንኳን አላውቃቸውም። ይህን ካነበባችሁ፣ እሷ ናት ዛሬ ሐይቅ ውስጥ የምትሽከረከረው።

አለቀ ስል ደግሞ ሌላ መጣ። የጋሼ ተለማማጅ የጀልባዋን ጀርባ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን ቦታ፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ጎኗ ቋ ቋ ሲል ጀርባዋ ድም ይላል። ፋይበሩ ውስጥ ያለው እንጨት በስብሷል። አንድ ቀን ሞተሩ ጀርባዋን ገንጥሎ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ልጄ፣ አሥራ ስምንት ዓመት እንኳን አልሞላህም። ዝዋይ ድረስ ሄጄ፣ ደላላ ከፍዬ ያላየሁትን ያየኸው አንተ ነህ።

አናጺው ባህር ዛፍ አላስጠጋም አለ። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃልም። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ ሳንቃ አምጥቶ ቀረጸልኝ። ጽድ መበስበስን ይችላል። ከዚያ የውሃ ታንከር የሚጠግነው ልጅ ፋይበሩን ለበጠው። ለበጠው እንጂ አልደርቅ አለ። ያ ኬሚካል ለመጠንከር ሙቀት ይፈልጋል። የጥር ሌሊት ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ጠዋት ስነካው እንደ ማር ጣቴ ላይ ቀረ።

ይህንን ያየው የጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የምድጃው ግድግዳ ወደ አልቤርጎው ግቢ ነው የሚወጣው። ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። ስምንት ሰው ተሰብስቦ ጀልባዋን ተሸከማትና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስጠጋት። ብርድ ልብስ የምትሸጥ አንዲት እህት ደግሞ ከሱቋ አራት ብርድ ልብስ አምጥታ አለበሰቻት። አዲስ ነው፣ የሚሸጥ ዕቃ ነው፣ ኬሚካል ይነካዋል ብላት፣ «እሷም እንግዳ ናት፣ ትሙቅ» አለችኝ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ! ሁለት ሌሊት እንደዚያ አደረች። በሦስተኛው ቀን ጽዱ ላይ ያለው ፋይበር በጥፍር ቢቧጠጥ የማይላጥ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሃል ግቢው የጥምቀት ሜዳ መስሎ ነበር። ጀልባ የሚባል ነገር ደብረ ብርሃን ምን ሊሠራ መጣ ብሎ ያላየ የለም። ልጆቹ ውስጧ ገብተው በመጥረጊያ ሲቀዝፉ ይውላሉ። «በሬሳ ወንዝ ላይ ልታንሳፍፊያት ነው?» ያለኝ ሰው ብዛቱ! በጥር በሬሳን በጀልባ ከመሻገር በእግር መሻገር ይቀላል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ ያሉ አንድ አባት ደግሞ ዙሪያዋን ዞረው አይተው፣ «ልጄ፣ ይህች ከጥፋት ውሃ የተረፈች ናት ወይስ ለሚመጣው የተዘጋጀች?» አሉኝ። ከዝዋይ ከተነሳሁ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው። አባቴ፣ ያቺ ሳቅ መድኃኒት ነበረች።

አሁን ወደ በርሜሉ ልምጣ።

የጀልባ ሞተር ያለ ውሃ አይነሳም። ቢነሳ ያቺ የጎማ ማራገቢያ ወዲያው ትቃጠላለች። ስለዚህ እግሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ ነው የሚሞከረው። በርሜል ከየት ይምጣ? ጠላ ቤት ያላቸው እማማ የጠላ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን በርሜል ራሳቸው አስደፍተው ላኩልኝ። ሞተሩ ውስጡ ሲነሳ ቤንዚንና ዘይት እንደሚተፋ ነግሬያቸው ነበር። «በርሜል ይታጠባል፣ አንቺ ግን ቤትሽ ግቢ» አሉኝ።

ጋሼ ገመዱን ሳቡት። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። በሰባተኛው ተነሳ። ከጎኑ ካለችው ቀዳዳ ውሃ እንደ ክር ፊጭ አለ። ማራገቢያዋ ሠራች ማለት ነው። ግቢው እልል አለ። ወዲያው ደግሞ ጭሱ! ከመንገድ ማዶ እሳት የተነሳ መስሏቸው ባልዲ ይዘው የሮጡ አሉ። ሞተሩም ያጓራል እንጂ ጉልበት የለውም። እንደገና እንባዬ መጣ።

ጋሼ ግን ካርቦራቶሬውን አልነካም አሉ። «አየሩ ነው» አሉኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ዝዋይ 1,640 አካባቢ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ይደክማል። «እዚህ እንዲመቸው ብዬ ባስተካክለው ሐይቅ ስትደርሺ ቤንዚን አንሶት ይነድብሻል። ተይው፣ ወርዶ ይሻለዋል» አሉ። ለአምስት ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት እንዳይበልጥ ብለው ጀሪካኑ ላይ በቀለም ጻፉልኝ። ሲሠሩበት የከረሙትን ሒሳብ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ዋጋ የሁለት ቀን እንኳን አይሆንም። ተከራከርኩ። ተቆጡኝ። ከፍዬ ዝም አልኩ።

ሾፌሩ እንዳለው በሚቀጥለው ጭነቱ መጣ። ሌሊት ተነስተን፣ ጎህ ሲቀድ ጀልባዬ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣርማ በር ደርሳ በዋሻው ውስጥ አለፈች። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ቆሎውን ረስተው እሷን ሲያዩ ቀሩ። ሸዋ ሮቢት ሰፈሬ ሙቀቱ ውስጥ ወጥቶ ተቀበለን። ማታ ሐይቅ ገባን።

ወንድሜ ጠዋት ገመዱን ሳበው። በሦስተኛው ተነሳ። ጭስ የለም። ጋሼ፣ እንዳሉት ነው፤ ወርዶ ተሻለው። ወንድሜ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ጀርባዋን፣ ጽዱ ያለበትን፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ገባ። ሲመለስ መረቡ ቆሮሶ ይዟል። ሁዳዴም ገና አልገባም ነበር።

የመጀመሪያውን ዓሣ በበረዶ ሣጥን አድርጌ ከዚያው ሾፌር ጋር ልኬላችኋለሁ። ለጋሼና ለተለማማጁ፣ ለአናጺው፣ ለፋይበሩ ልጅ፣ ለዳቦ ቤቱ፣ ለብርድ ልብሷ እህቴ። የአልቤርጎዋ ባለቤትም አልተረሳችም፤ ከአራተኛው ቀን በኋላ አልጋ አላስከፈለችኝም። አስተማሪው ድርሻው አልደረሰውም ብለውኛል፤ በሚቀጥለው ጭነት ይመጣለታል።

የቀረኝ በርሜሉ ነው። እማማ፣ አሥር ጊዜ በእንዶድና በአመድ ቢታጠብም አሁንም ነዳጅ ነዳጅ እንደሚሸት ሰምቻለሁ። አዲስ በርሜል ገዝቼ ስልክ፣ «ለውለታ ዋጋ አልቀበልም» ብለው መልሰውታል። ሾፌሩም ወደ እኔ ማምጣቱን እምቢ ብሎ አልቤርጎው ግቢ፣ ጀልባዋ በነበረችበት ቦታ አስቀምጦታል። ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጎን ነው፣ ክዳን አለው፣ ሰማያዊ ነው። እባካችሁ፣ እማማ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ጠላ ቤታቸው ጓሮ አስገቡልኝ።