የነቂብ አል-አጣስ ሥራና የወሎ ኪታቦች

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጋዜጦቻችን ማሌዥያ ስትነሳ ወሬው ስለ ፓልም ዘይት፣ ስለ ፋብሪካና ስለ መንትያ ፎቆቿ ነው። ይጻፍ፣ አልቃወምም። ግን እዚያ አገር አንድ የዓቂዳ (የእስልምና እምነት መሠረተ ትምህርት) ሊቅ የሠሩት ሥራ ከፎቁ ይልቅ ለኛ ይቀርባል። ሊቁ ሰይድ ሙሐመድ ነቂብ አል-አጣስ ይባላሉ። በአማርኛ ስለ እሳቸው የተጻፈ እምብዛም አላየሁም። ስለዚህ ጥቂት ቦታ ስጡኝ።

የተወለዱት በ1931 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት፣ ቦጎር ከተማ ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በአባታቸው በኩል ዘራቸው ከየመን ሐድረመውት ይመዘዛል። ያደጉት ጃቫና በዛሬዋ ማሌዥያ ያለችው ጆሆር እየተመላለሱ ነው። ወጣት ሳሉ ውትድርና ገቡ። እንግሊዝ አገር ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ድረስ ተልከው ሠለጠኑ። ያኔ ለአንድ የማላያ ወጣት ከዚህ የተሻለ የእንጀራ መንገድ ብዙም አልነበረም። እሳቸው ግን ማዕረጉን ትተው ሲንጋፖር ወደነበረው የማላያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ቀጥለው ካናዳ፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ዶክትሬታቸውን በ1965 ከለንደን ያዙ።

ውጭ አገር ተምሮ ዶክተር የሆነ ሰው ሞልቷል። እኔን የሚገርመኝ የመረጡት ርዕስ ነው። ሞንትሪያልና ለንደን ተቀምጠው ያጠኑት የገዛ ሕዝባቸውን አሮጌ ኪታቦች ነው። ያውም ብዙ ሰው የረሳቸውን።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ሐምዛ ፋንሱሪ የሚባል የሱማትራ ሱፊ ነበር። ጥልቅ የሆነውን የተውሒድ (የአላህ አንድነት) ነገር በማላይ ቋንቋ፣ በግጥም ጻፈ። እሱ ካለፈ በኋላ ኑሩዲን አር-ራኒሪ የሚባል ዓሊም ከሕንድ ጉጅራት ተነስቶ በ1637 ሱማትራ ላይ ወደነበረው አቼ ሱልጣኔት ደረሰ። ሱልጣኑ ዘንድ ተደማጭ ሆነ። የሐምዛን ትምህርት ኑፋቄ ነው ብሎ ፈረደበት። ኪታቦቹ ተቃጠሉ። አል-አጣስ በወጣትነት ጽሑፋቸው ለሐምዛ ጠበቃ ሆነው ቆሙ። ራኒሪ ነገሩን ሳይረዳ ነው የፈረደው ብለው ክፉኛ ወቀሱት። በ1986 ግን የዚያኑ የራኒሪን አንድ ኪታብ ከሰፊ ማብራሪያ ጋር አሳተሙ። እዚያ ላይ ሚዛናቸው ተለውጦ ይታያል። ለራኒሪ ዕውቀት ተገቢውን ክብር ሰጡ። ዝና ያተረፈበትን ሐሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና አንስቶ የሚያርም ምሁር ስንት አለ? ለኔ ትልቅነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ሌላ አወጡ። የነሰፊ ዓቂዳ በሙስሊሙ ዓለም ብዙ ደረሳ (ተማሪ) የቀራው አጭር ኪታብ ነው። የዚህ ኪታብ የማላይኛ ትርጉም በ1590 በእጅ ተገልብጦ ተቀምጦ ኖሯል። አል-አጣስ መርምረው ከሚታወቁት የማላይኛ የእጅ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው አሉ። ይህ ተራ ግኝት አይደለም። የአውሮፓ ምሁራን እስልምና በዚያ አገር ላይ ላዩን ብቻ ያለ ነው ሲሉ ኖረዋል። እሳቸው ደግሞ እስልምና የሕዝቡን አስተሳሰብ ከሥሩ ለውጧል፣ ማላይኛንም የዕውቀት ቋንቋ አድርጎታል ብለው ይከራከሩ ነበር። ክርክራቸው ማስረጃ ነበረው። ወረቀት ነበረው።

በ1970 የማሌዥያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲው በማላይኛ እንዲያስተምር የተቋቋመ ነው። በ1978 በታተመው ዝነኛ መጽሐፋቸው የሙስሊሙ ድክመት ሥሩ የአደብ መጥፋት ነው ብለው ጻፉ። በ1987 ኩዋላ ሉምፑር ላይ የእስልምና አስተሳሰብና ሥልጣኔ ተቋም መሠረቱ። የሕንፃውን ንድፍ ሳይቀር ራሳቸው አወጡ። በ2002 ግን ከመሪነቱ ተነሱ። ተቋሙም የነበረውን ነፃነት አጣ። ይህን ሳስብ ያመኛል። የዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

ማላዮች ቋንቋቸውን በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉ ጃዊ ይሉታል። የወሎ ዑለማም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ እኛ ዓጀሚ እንለዋለን። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር ግጥሞቻቸውን የጻፉት በዚሁ ነው። ካይሮ አል-አዝሃር ውስጥ የኛ ደረሶች በሪዋቅ አል-ጀበርት (ሪዋቅ የደረሶች ማደሪያ ነው)፣ የነዚያ ደግሞ በሪዋቅ አል-ጃዋ ያድሩ ነበር። አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተምረዋል። ታዲያ የነሱ ኪታብ ታትሞ ሲነበብ የኛ ለምን በየሐሪማው (በየሸሆቹ የትምህርት ማዕከል) ሣጥን ውስጥ ምስጥ ይበላዋል? ነፍሳቸውን ይማረውና ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ የወሎን እስልምና ታሪክ ብዙ ደክመውበት አሳይተውናል። መንገዱ ተጠርጓል። የጎደለው የሚሄድበት ነው።

ጥያቄዬ ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አንድ የዓጀሚ ኪታብ ይስጡት። የኪታቡን ባለቤቶች አስፈቅዶ ፎቶ ያንሳው። በግዕዝ ፊደል ጎን ለጎን ይጻፈው። ቃላቱን አዋቂ ሸሆችን እየጠየቀ ያብራራው። ዋናው ኪታብ ከባለቤቶቹ እጅ አይውጣ፣ በዚህ ላይ አደራ። መጅሊሱም ሸሆቹና ተማሪው እንዲገናኙ ያግዝ። እናንተም የመጀመሪያው ሥራ ሲጠናቀቅ ጥቂት ገጾቹን በጋዜጣችሁ ብታወጡልን ደስ ይለናል። ብዙ አንባቢ ታገኛላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ