«ነጩን አምፖል ግጠሙልን» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ከመኪና ኤሌክትሪክና መብራት ጥገና ቤታችን
ጅማ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያነሳው አንድ ጉዳይ ነው፦ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት አላስነዳ አለ። የባጃጅ ሹፌሩም፣ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የአይሱዙ ባለቤትም፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ባለ ቪትዝም ይህንኑ ይነግረናል። ብዙዎቻችሁ ታዲያ ወዲያው አስከትላችሁ «እንግዲያው እኔም እንዳልበለጥ ያንን ነጩን ግጠሙልኝ» ትላላችሁ፤ በሃሎጅን አምፖል ቦታ የሚገባውን የኤልኢዲ አምፖል ማለታችሁ ነው። እኛም አንገጥምም እንላለን።

በዚህ መልሳችን ቅር ተሰኝታችሁ የሄዳችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ዕቃው መርካቶ ውስጥ በየሱቁ ይሸጣል፣ ሌላ ቦታ በደቂቃዎች ይገጥሙላችኋል፣ እኛ ግን እንመልሳችኋለን። ምክንያቱን መኪና ሥር ተጎንብሶ በጥድፊያ ማስረዳት ስላልሆነልን በጽሑፍ አደረግነው።

ከሁሉ በፊት፣ ቅሬታችሁ እውነት ነው። ዓይናችሁ ስለሰነፈ ወይም እናንተ ስለተማረራችሁ የመጣ አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገዱን የያዘው ሃሎጅን፣ ማለትም በውስጡ ክር የሚነድድበት አምፖል ነበር። ኤች-4 የምንለው የተለመደው አምፖል በአጭር መብራት (ወደ መሬት ዝቅ ብሎ በሚበራው) 55 ዋት ይወስዳል፣ 1,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ይሰጣል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ቢኤምደብሊው ዜኖን ይዞ መጣ፤ የዜኖን አምፖል በ35 ዋት ብቻ 3,200 ሉመን ያህል ይሰጣል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌክሰስ በኤልኢዲ የሚሠራ አጭር መብራት ያለው መኪና ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ነጩ መብራት ከውድ መኪና ወደ ተራው ወረደ። እኛ አገር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ አብዛኞቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ኤልኢዲ ገጥመው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ዛሬ በአጋሮ መንገድ ላይ የድሮው ቢጫና የአዲሱ ነጭ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ነጩ ዓይን ላይ የሚከብድበት ምክንያት የብርሃኑ ብዛት ብቻ አይደለም። አዲሶቹ መብራቶች ጠባብ ናቸው፤ ያው ብርሃን ከትንሽ ቦታ ሲወጣ ዓይንን ይወጋል። ቀለማቸው ሰማያዊ ስለሚበዛበትም ብርሃኑ እኩል ሆኖ ሳለ ከቢጫው የበለጠ ያስጨንቃል። በዚያ ላይ መኪኖቹ ራሳቸው ከፍ ብለዋል። የላንድ ክሩዘር ወይም የሃይሉክስ መብራት የሚያርፈው የትንሽ መኪና ሹፌር ዓይን ካለበት ብዙም ዝቅ ብሎ አይደለም።

ዕድሜም አለ። ሰው 60 ዓመት ሲሞላው ወደ ዓይኑ ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመቱ ይደርሰው ከነበረው ሲሶ ገደማ ነው፤ የገባውም በዓይኑ ሌንስ ውስጥ ይበታተንና እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ከአጋሮ በኩል የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛችን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መሪ መያዝ ተዉ። ልጃቸው «አባባ ፈሩ» ይላል። አልፈሩም፤ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት። እንዲህ ዓይነት ነገር በቅርቡ የጀመራችሁ፣ በየመብራቱ ዙሪያ ቀለበት የሚታያችሁ ሰዎች፣ እኛ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ጎራ በሉ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ይታከማል። ለማታ መንጃ እየተባለ የሚሸጠውን ቢጫ መነጽር ግን አትግዙ፤ እንደ ማንኛውም ባለ ቀለም መስታወት ከጨለማው ላይ ጨለማ ይጨምራል እንጂ አያሳይም።

አሁን ወደ አምፖሉ እንምጣ። ኤች-4 ውስጥ ሁለት የሚነድዱ ክሮች አሉ፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። የአጭሩ ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት መከለያ አለው። መከለያው ብርሃኑ ወደ ሪፍሌክተሩ (ከአምፖሉ ጀርባ ብርሃኑን ወደ ፊት ወደሚመልሰው አንጸባራቂ ሳህን) የታችኛው ግማሽ እንዳይደርስ ያግዳል፣ የላይኛው ግማሽ ብቻ ይበራና ብርሃኑን ወደ መሬት ይመልሰዋል። ከፊታችሁ የሚመጣውን ሰው ዓይን የሚያድነው ያ ትንሽ ብረትና ክሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ክሩ ከቦታው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢንቀሳቀስ ብርሃኑ ይዛባል፤ ሪፍሌክተሩ የተቀረጸው ለዚያ ክር፣ ለዚያ ቦታ ተለክቶ ነውና።

ነጩን አምፖል እዚያው የሃሎጅን መብራት ቤት ውስጥ ስትከቱ ምን ይሆናል? ኤልኢዲው ክር የለውም፤ በጠፍጣፋ ብረት ሁለት ጎን ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ቺፖች ናቸው። ክር ዙሪያውን ሁሉ ያበራል፣ ቺፕ ግን ወደ ፊቱ ብቻ። መጠኑም ቦታውም ከክሩ ጋር አይገጥምም። የሌላ ሰው መነጽር ተውሶ እንደ ማድረግ ነው፤ መነጽሩ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ዓይን ግን አልተሠራም። ግድግዳ ላይ ስናበራው የሃሎጅኑ ብርሃን ከላይ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ የነጩ ጠርዝ ግን ይፈርሳል፣ ነጠብጣቡ ወደ ላይ ይረጫል። ያ የተረጨው ነው የሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው። ጀርመኖች ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ዓይነት መለወጫ አምፖል ሲፈቅዱ እንኳ ተፈትሸው ለተረጋገጡ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ነው። እኛ ገበያ ላይ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን ለየትኛው መኪና እንደተፈተሸ የሚናገር ሰው እስካሁን አላገኘንም።

«እኔ ግን በነጩ በደንብ አያለሁ» የምትሉን አላችሁ። ይሄ ትልቁ ማታለያ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የተዛባው ብርሃን ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን ጥቂት ሜትር ነጭ አድርጎ ያጥለቀልቀዋል። ዓይናችሁ ያንን ያያል፣ ብርሃን በዝቷል ብሎ ብሌኑን ያጠባል። ብሌኑ በጠበበ ቁጥር ርቆ ያለው፣ በጨለማው ጫፍ ላይ የቆመው ሰው ወይም አህያ ይጠፋል። ቅርቡ ስለደመቀ ልባችሁ ይሞላል፣ እግራችሁ ነዳጅ ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። የሚያስፈልጋችሁ የሩቁ ነው፣ የቅርቡ አይደለም። ጭጋግ ባለበት ምሽት ደግሞ ወደ ላይ የተረጨው ብርሃን ከጭጋጉ ተመልሶ እናንተኑ ያሳውራል።

«ታዲያ የኔ መብራት ደክሟል፣ ምን ላድርግ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መብራቴ ደከመ ብላችሁ ከምታመጡልን መኪኖች ብዙዎቹ ላይ ግን አምፖሉ ጥፋት የለበትም።

አንደኛው ጥፋተኛ ሽቦው ነው። የሃሎጅን ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፣ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል፤ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይጎድላል። በአሮጌ ሚኒባስ ላይ የዛገ የአሉታ ሽቦ፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ በየጊዜው የተቀጣጠለ ሽቦ ይህን ያህል በቀላሉ ይበላል። በወፍራም ሽቦና በሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ከባትሪው ቀጥታ መስመር ስንዘረጋ ባለቤቱ አዲስ አምፖል የገጠምን ይመስለዋል። በዚህ ሥራ የምንኮራበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለራሱ ባለቤት ያበራል፣ ሌላውን ግን አያሳውርም።

ሁለተኛው ፕላስቲኩ ነው። የመብራቱ ፊት በፀሐይ ብዛት ሲቢጭና ሲደበዝዝ ብርሃኑ ውስጡ ይበተናል፤ እናንተ ታጣላችሁ፣ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ይወጋል። በጥርስ ሳሙና የሚወለውሉ አሉ፤ ለጊዜው ይጠራል፣ ግን የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ካልተቀባለት ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። የፊት መስታወታችሁን የውስጥ በኩልም ጥረጉት፤ የአቧራና የእስትንፋስ ቅባት ማታ ላይ የሚመጣውን ብርሃን ሁሉ ያባዛል።

ሰማያዊ የተቀባ ሃሎጅንና ባለ 100 ዋት አምፖልም አንሸጥም። የመጀመሪያው ቀለሙ ብርሃኑን ስለሚያስቀር ከተራው ያነሰ ያበራል። ሁለተኛው ለ55 ዋት የተሠራውን ሶኬት ያቀልጣል፣ ሪፍሌክተሩን ያጠቁራል።

ሦስተኛው፣ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንነግራችሁ፣ የመብራቱ አቅጣጫ ነው። በብዙ መኪኖች መብራት ላይ ወይም አጠገቡ 1.0 ወይም 1.2 ከመቶኛ ምልክት ጋር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ትርጉሙ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ መውረድ አለበት ማለት ነው። ራሳችሁም ልትፈትሹት ትችላላችሁ፦ ጎማውን በልኩ ንፉ፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር አቁሙ፣ የአምፖሉን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፣ አጭሩን አብሩ። ምልክቱ 1.0 ከሆነ ጠርዙ ከምልክታችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ በየምሽቱ ሰው እያሳወራችሁ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ጠርዙ ወደ ቀኝ በኩል ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ። ወደ ግራ ከፍ ካለ ግን መብራቱ በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፣ በካቻቢቴ አይቃናም፣ መለወጥ አለበት።

ጭነት የምትጭኑ ይህችን ልብ በሉ። መብራቱ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ፣ በትክክል የተቃና መኪና በ50 ሜትር ርቀት ላይ የብርሃኑ ጠርዝ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ቡናው ወይም ተሳፋሪው ኋላ ተጭኖ አፍንጫው በአንድ ዲግሪ ብቻ ከተነሳ ያው ጠርዝ ወደ 107 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ የቪትዝ ሹፌር ዓይን ያለው እዚያው አካባቢ ነው። አንድ ዲግሪ ቆማችሁ በዓይን ብታዩት አይታወቅም። ብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ከ0 እስከ 3 የተቆጠረች ትንሽ የምትዞር መቆጣጠሪያ አላቸው፤ ሥራዋ ይህንን ማስተካከል ነው። ሹፌር ብቻ ሲሆን 0፣ ጭነት ሲበዛ ወደ 3። መኪናቸውን ለዓመታት ነድተው ምን እንደሆነች ያልተነገራቸው ደንበኞች አሉን፤ ሲመጡ እናሳያቸዋለን።

ከፋብሪካው ኤልኢዲ ይዘው የመጡ መኪኖች ባለቤቶች፣ የእናንተ መብራት ለራሱ ቤት የተሠራ ስለሆነ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ ችግሩ ጠርዙ ከፍ ብሎ ሲቀር ነው። ከግጭት ጥገና በኋላ፣ ከስፕሪንግ ወይም ከጎማ ለውጥ በኋላ አቅጣጫውን አስፈትሹ። ረጅሙ ራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ የሚያደርገውን ካሜራም አትመኑት፤ የሚወስነው የሌላውን መኪና መብራት አይቶ ነው። መብራቱ የደከመ ባጃጅ ወይም ከኩርባ ኋላ ድንገት ብቅ የሚል መኪና ዘግይቶ ይታየዋል። ለእግረኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን አይቀንስም። ከአበልቲ ወደ ጊቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ በእጃችሁ አጥፉት።

ሐሙስ ምሽትን ለብቻው እናንሳ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው በሰቃ በኩልም በሰርቦ በኩልም የአስፋልቱን ዳር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሸክም ያላቸው እናቶች፣ አህያ የሚነዱ ልጆች። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከጠለቀች ጨለማው ወዲያው ነው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ረጅም መብራት ሲያበሩ በመሐላቸው ዳር ላይ ያለው ሰው ለሁለቱም ይጠፋል። የሌላው መብራት ሲያናድዳችሁ በረጅሙ አትመልሱለት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ምላጩን የሚውጠው ሌላ ሰው ነው። ፍጥነት ቀንሱ፣ ዓይናችሁን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አድርጉ፣ ያልፋል። ከኋላ ለሚወጋችሁ ደግሞ በብዙ መኪኖች የውስጥ መስታወት ሥር ያለችውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ገፋ አድርጉ፤ የተሠራችው ለማታ ነው።

ስለዚህ ከአሁን በኋላም በሃሎጅን ቤት ውስጥ ነጭ አምፖል አንገጥምም፤ ሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብታመጡም። ገቢ እንደሚቀንስብን አስበንበታል። በምትኩ የምንሠራው የሚከተለውን ነው፦ አምፖሉ ጋ የሚደርሰውን ቮልት ለክተን ቁጥሩን እናሳያችኋለን፣ ሽቦውን እናድሳለን፣ ፕላስቲኩን አጥርተን ሽፋን እንቀባለን፣ አቅጣጫውን በግድግዳ ላይ እናቃናለን። ነጩን ቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ አውጥተን ሃሎጅኑን ስንመልስ ለጉልበት አናስከፍልም። አምፖል ከእኛ ለገዛም ማቃናቱ በነጻ ነው።

ማቃናቱ የሚሠራው ሲመሽ ስለሆነ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኑ፤ ሐሙስ ግን መንገዱ ስለሚጨናነቅ አንሠራም። የጭነት መኪና ያላችሁ ብትችሉ ጭናችሁ ኑ፣ ባዶውን ከምናየው ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ሠራተኞች