«መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፉት ሳምንታት በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም መንስኤ የተካሄደውን ክርክር ስከታተል ቆይቻለሁ። አንደኛው ጸሐፊ ሕመሙ የአንጎል ኬሚካል መዛባት እንጂ ሌላ አይደለም ብለዋል፤ ሁለተኛው ጦርነትና ሥራ ማጣት ያመጣው ጭንቀት እንጂ ሌላ አይደለም ሲሉ መለሱላቸው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ሁለቱንም ትተው ጠበል ያላዳነውን ኪኒን አያድነውም አሉ። ደሴ ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ዐሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁና፣ ጸሐፊዎቹን ያሳሳታቸው የያዙት ነገር ሳይሆን «እንጂ ሌላ አይደለም» የምትለዋ ሐረግ ናት እላለሁ።

ነገሩን በአንድ ታካሚ ላሳይ፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ቀዬውን ትቼ ሌላም ጥቂት ነገር ለውጬአለሁ። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተሰደደ፤ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቃቸው፣ የታላቅ ወንድሙም መርዶ ደረሳቸው። ትምህርቱን አቋርጦ ቀኑን በጫት፣ ሌሊቱን በምርቃና ማሳለፍ ጀመረ። ወራት አልፈው ጎረቤቶቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ሲሰድቡት ይሰማው ጀመር፤ ሰፈሩም «ጨርቁን ሊጥል ነው» አለ። እናቱ መጀመሪያ ጠበል ወሰዱት፣ ቀጥለውም ከአንድ ሼህ ዘንድ ዱአ አስደረጉለት፤ ወሎ ነውና ከሁለቱም ደጅ መቆም አያሳፍርም። በመጨረሻ ወደ እኛ አመጡት። ከቤተሰቡ እንዲህ የሆነ ሰው ይኖር እንደሆነ ስጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የአባቱ ወንድም በወጣትነቱ «ነካ አድርጎት» ዕድሜውን በእግር ብረት እንደጨረሰ ነገሩኝ።

እንግዲህ ይህን ልጅ ያሳመመው የትኛው ነው? የዘር ነገር እንዳለበት አያጠራጥርም። ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም እንደዚህ ልጅ የሌለ ድምፅ የሚያሰማው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ መንታዎች አንዱ ሲታመም ሌላውም የመታመሙ ዕድል ከሲሶ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ነገር ግን እነዚህ መንታዎች በዘር አንድ ናቸውና፣ ዘር ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ሁልጊዜ ይታመሙ ነበር። ጫቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ የእንቅልፍ ማጣት ደግሞ የተጋለጠን አእምሮ ክፉኛ ይጎዳል። ሐዘኑና ስደቱም አሉ። ይሁን እንጂ እኅቱም የዚያው አጎት የወንድም ልጅ ናት፤ እርሷም ተሰዳለች፣ እርሷም የወንድሟን መርዶ ሰምታለች፣ ሆኖም አልታመመችም። አብረውት የሚቅሙት ጓደኞቹም ደኅና ናቸው። በእርሱ ላይ ግን ሁሉም ባንድ ዘመን ተገናኙበት፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ሐዘኑ ወደ ጫት፣ ጫቱ ወደ እንቅልፍ ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከዘር ወደ መጣው ድካም አደረሰው።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ኤንግል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1977 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ የስኳር በሽታንና ስኪዞፍሬኒያን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቱንም በአካል፣ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ኑሮ አንድ ላይ ካልሆነ በቀር መረዳት እንደማይቻል ጽፎ ነበር። እኛም በትምህርት ላይ ሳለን እነዚህን ሦስት ቃላት እንደ ዳዊት ደግመናቸዋል። ሥራ ላይ ስንወጣ ግን የተረከብነው የክትትል ካርድ ቦታ ያለው ለመድኃኒቱ ስም፣ ለመጠኑና ለሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻ ነው።

የእኔም ጥፋት የተጻፈው በዚሁ ካርድ ላይ ነው። ልጁ በመድኃኒት ተሽሎት ድምፆቹ ከጠፉ በኋላ በአራተኛው ወር እንደገና አገረሸበት፤ እኔም ሌላ ሳልጠይቅ መጠኑ እንዲጨመር አሳሰብሁ፣ ተጨመረም። በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቱ በር ላይ ቆም ብለው «ሲስተርዬ፣ መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል እኮ፤ ኪኒኑን ሲውጥ ረሃቡ አያስቀምጠው። ያለችዋን እንጀራ ለታናናሾቼ ብሎ ኪኒኑን ከተወ ሁለት ወሩ» አሉኝ። ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት እንደሚጨምሩ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎችም አስተምራለሁ። ቤቱ በቀን አንድ ጊዜ እንደሚበላ ግን አልጠየቅሁም ነበር። የማይዋጥ ኪኒን መጠኑ ቢጨመር ምን ይፈይዳል?

ሰውን ከሕመም የሚጠብቀው በጎ ነገርም እንደዚሁ ከኑሮው ጋር ተያይዞ ይሠራል። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ካምበርዌል በተባለ ሰፈር ባጠኗቸው ሴቶች ላይ ያገኙት፣ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው መካከል ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው የሌላቸው ይበልጥ ለድብርት እንደሚጋለጡ ነው። ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የሰፈራችን ቡና ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ስንቱ ጉድ ይወራል፣ ስንቷስ አልቅሳ ቀሏት ትነሣለች። (ያው ቡና ሐሜትም እንደሚያፈላ፣ የታመመን ልጅ «ቡዳ በልቶት ነው» ብሎ እንደሚያሸሽ አልክድም።) የልጁ እናት ከስደት ሲመለሱ ጎረቤቶቻቸው ግማሾቹ አልተመለሱም ነበር፤ ቡናም ለብቻ አይፈላም።

ለሦስተኛዋ ጸሐፊ የምለው አጭር ነው። ኪኒኑን እስካላስጣለ፣ ሰውንም በሰንሰለት እስካላሳሰረ ድረስ ከጠበል ጋር ጠብ የለኝም፤ ተስፋና አብሮ የሚቆም ሰው የሚገኝበት ደጅ ለታካሚ ይጠቅመዋል።

የጤና ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ካነበቡ የምጠይቃቸው የክትትል ካርዱ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ነው፦ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል፣ ማን አብሮት ይኖራል የሚሉ። ብዙ ወጪ የለውም። እኔ እስከዚያው ድረስ መልሱን በካርዱ ጠርዝ ላይ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ። ልጁም ዛሬ በቀድሞው መጠን ላይ ነው፤ እናቱ በእርዳታ ስንዴ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ ቀጠሮ አላለፈውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ከደሴ