ገበያ ላይ የታየ ጆንያ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ እርዳታ እህል ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤያለሁ። ፎቶግራፉ ገበያ መሐል በሸራ ላይ የተዘረገፈ ስንዴና አንድ የዘይት ጣሳ ያሳያል፤ ጽሑፉም ሌብነት ነው ብሎ ደምድሟል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስንዴው ከማን እጅ እንደወጣ የጠየቀ አላየሁም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ ብዙም ሳይርቅ፣ ወፍጮ ቤት አለኝ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ወገኖቻችን ራሽን በታደለ ማግስት ደጄ ላይ ይሰለፋሉ። ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው ሙሉ ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፤ ያውም ሳይጎድልና ሳይዘገይ ከመጣ። እህሉ የሚሰጠው በጥሬው ነው፤ ማስፈጫው ከየት ይመጣል የሚል ግን የለም። ስለዚህ እናትየዋ እዚያው ደጄ ላይ የጆንያውን አፍ ፈትታ በጣሳ ትሰፍራለች፦ ይኼ ለወፍጮ፣ ይኼ ለማገዶ፣ ይኼ ለጨውና ለሳሙና። ልጅ የታመመባት እንደሆነ ከቀረው ላይ እንደገና ትቀንሳለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌን በሸራ ድንኳን ለሚያሳልፍ ሰው ማገዶ ቅንጦት አይደለም። ገበያ ላይ ከምታዩት ስንዴ አንዱ ክፍል እንዲህ በጣሳ በጣሳ የተጠራቀመ ነው።

ስርቆት የለም አልልም። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ ያቆሙት ሰፊ ዝርፊያ ደርሰንበታል ብለው ነው። በመኪና ተጭኖ ዱቄት ፋብሪካ የገባ እህል እና ከእኔ በር ላይ በጣሳ የሚሰፈር እህል ግን በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። በዚያ ውሳኔ የተቀጣው ማን ነበር? የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡትን ጨምሮ ከ800 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች ቀለባቸው ተቋረጠ። ለእነርሱ እንደገና መታደል የጀመረው በ2016 መስከረም መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ የአገሬው ተረጂ ደግሞ ከዚያም በላይ ጠብቋል። ዘራፊው በዚያ ሁሉ ወር ጦሙን ያደረ አይመስለኝም።

እርዳታው ሲመለስ ከመጡት ማሻሻያዎች መካከል በጭነት መኪኖች ላይ መከታተያ መግጠምና የእህሉ ማሸጊያ ላይ ሽያጭን የሚከለክል ምልክት ማብዛት ይገኙበታል። የመጀመሪያው ደግ ነው፤ መኪና ሙሉ የሚሰርቀውን ይይዛል። የሁለተኛው ውጤት ግን ሌላ ነው። ምልክት ያለበት ጆንያ ይዛ የወጣችን ሴት ነጋዴው መፍራቷን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብርባታል፤ እሷም ያንኑ ሳሙና ለመግዛት ሁለት ጣሳ በቂ የነበረውን ሦስት ትሸጣለች።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በአንዳንድ የስደተኛ መጠለያዎች ከእህሉ ጋር ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል። ለተፈናቃዮቹም ቢያንስ የወፍጮና የማገዶ ወጪ ይታሰብላቸው። የዝግጅት ክፍላችሁም ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲያወጣ ስንት ኪሎ እንደሆነና ሻጩ ማን እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወፍጮ ቤት ስላለው ለኪሱ ነው የሚናገረው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያው መጠለያው ውስጥ ወፍጮ ይተከልና ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ያስተዳድሩት። ከደጄ ወረፋው ይቀንሳል፤ እኔም አልቃወምም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት
ደብረ ብርሃን