የሁለት መንግሥታት ክርክር ዳፋ በተጓዡ ላይ፦ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለጉብኝት ወደ አውሮፓ የሚበሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ማብራሪያና መመሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ትኬት በመቁረጥና የቪዛ ፋይል በማደራጀት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን አንድ ጥያቄ መመለስ የሚችለው እርስዎ የሚመሩት መሥሪያ ቤት ብቻ ስለሆነ ነው። ጥያቄው መንግሥት በአውሮፓ ቪዛ ጉዳይ ምን እያደረገ ነው የሚል ሲሆን፣ መነሻውም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ላይ ያሳለፈው ውሳኔ ነው።

ውሳኔው በወጣ ሰሞን አውሮፓ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ ዘጋች ተብሎ በሰፊው ተወርቷል። አልዘጋችም። የተደረገው ከመዝጋት ያነሰ ቢሆንም መንገደኛውን በየቀኑ የሚነካ ነው። ቀድሞ በመደበኛው 15 ቀን ውስጥ ይታይ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን እንዲፈጅ ተፈቀደ፤ ቆንስላዎች ታማኝነቱን ለሚያውቁት አመልካች አንዳንድ ማስረጃዎችን ይተዉለት የነበረበት አሠራር ታገደ፤ በአንድ ቪዛ ደጋግሞ መግባት ቀርቶ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሆን ቪዛ ይሰጥ ጀመር። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙ ሰዎችም ቆንስላዎች ሊምሯቸው ይችሉ የነበረውን የቪዛ ክፍያ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ኅብረቱ ለዚህ ያቀረበው ምክንያት፣ በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ፣ በተለይም የጉዞ ሰነድ በመስጠትና የመመለሻ በረራዎችን በማመቻቸት በኩል፣ ከመንግሥታችን በቂ ትብብር አላገኘሁም የሚል ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል በ2010 ዓ.ም. ስምምነት የተደረሰበት የመመለሻ ሥነ ሥርዓት ስላለ፣ ቅሬታው እሱ እንደታሰበው አልሠራም ከሚል የመነጨ ነው።

በዚህ ክርክር ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አልተነሣሁም። ዜጋን በግድ አሳፍሮ ለመመለስ መተባበር ለየትኛውም መንግሥት ቀላል እንዳልሆነ እረዳለሁ። ሆኖም ክርክሩ የሁለት መንግሥታት ሆኖ ሳለ ዳፋው የሚያርፈው በአውሮፓ ለመቅረት አንዳችም ሐሳብ በሌለው፣ ደርሶ በሚመለስ እንግዳ ላይ ነው። ከአራቱ እርምጃዎች ባለሥልጣንን ለይቶ የሚነካው የክፍያው ጉዳይ ብቻ ሲሆን እሱም ከመንግሥት በጀት የሚሸፈን ነው። ቀኑን የሚቆጥረው ተራው አመልካች ነው።

45 ቀን በወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ አይመስልም። ልጇ ስቶክሆልም ልትወልድ የደረሰችላትንና አራስ ልትጠይቅ የተነሣችን አንዲት እናት እንውሰድ። ፋይሏ ውስጥ የልጇ የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባሏ የንግድ ፈቃድ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስና የደርሶ መልስ በረራ ሪዘርቬሽን አለ፤ እያንዳንዱ ተተርጉሞ፣ ማህተም አርፎበት፣ በቅደም ተከተል ተደርድሯል። አሻራ ሰጥታ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ከሆነ፣ ወንድ እንደሆነ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ አያቱ ግን ፓስፖርቷን ገና በመጠበቅ ላይ ናት። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማስገባት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ለምክሬ ጆሮ ለሚሰጡ ሁሉም እነግራቸዋለሁ። ለቅሶ የሚሄደው ሰው ግን ስድስት ወር ቀድሞ ሊያመለክት አይችልም፤ በአዲሱ የጊዜ ገደብ ከተጓዘም የሚደርሰው ከአርባው በኋላ ነው።

በዚህ መሐል የበረራው ዋጋ ባለበት አይቆይም። ሪዘርቬሽን የሚጸናው ለጥቂት ቀናት በመሆኑ ቪዛው እስኪታወቅ ድረስ ደጋግሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቪዛው ሲወጣ ደግሞ ርካሹ መቀመጫ አልቆ ይገኛል። የቪዛው ክፍያም ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል። በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ከተሻገረ በኋላ፣ በዩሮ ሲታይ 10 የጨመረው ክፍያ በብር ሲመነዘር እጥፍ ገደማ ሆኗል። ቪዛው ቢከለከልም ይህ ገንዘብ አይመለስም።

ስለ አንድ ጊዜ መግቢያ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነውና። የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም ይኸው የአጭር ጊዜ የአውሮፓ ቪዛ፣ ያለው ሰው በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር በሌለባቸው 29 አገሮች ውስጥ እንደልቡ ይበራል፤ ፍራንክፈርት ፓስፖርቱ ከታየ ሮምም ሆነ ማድሪድ ሲወርድ የኢሚግሬሽን ወረፋ የለበትም። ለንደን፣ ደብሊን፣ ቤልግሬድና ኢስታንቡል ግን ከዚህ ክልል ውጭ ናቸው። ያቺው እናት ለንደን ያለ ወንድሟን ለሁለት ቀን ጠይቃ ለመመለስ ብትፈልግ፣ የእንግሊዝን ቪዛ ለብቻው ካወጣች በኋላ እንኳ ከስዊድን በወጣችበት ቅጽበት የሼንገን ቪዛዋ ያበቃል። ገና 60 ቀን ቢቀራትም ተመልሳ መግባት ስለማትችል ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ የተቆረጠው መመለሻዋ ይቃጠላል። መፍትሔው ትኬቱን ሲቆርጡ መመለሻውን ከለንደን ማድረግ ነው፤ ይህን ግን አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ሊኖር ይገባል። ቀድሞ ቪዛ ወስዶ በአግባቡ የተጠቀመ መንገደኛ በየደረጃው የአንድ፣ የሁለት፣ ከዚያም የአምስት ዓመት ቪዛ የሚያገኝበት መሰላል ነበር። ነጋዴውም፣ ተመራማሪውም፣ ልጆቿን በየዓመቱ የምትጠይቀው እናትም የሚሄዱት በዚህ መሰላል ነበር። በእኔ ግምት ከእርምጃዎቹ ሁሉ ያለ አግባብ የሆነው ይህ ነው፤ የሚቀጣው በቃሉ ተገኝቶ የተመለሰውን ሰው ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ከ2016ቱ ውሳኔ የቀደመ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኅብረቱ የቪዛ ደንብ በአራተኛው አባሪው ላይ የ12 አገሮችን ስም ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። የእነዚህ አገሮች ዜጎች ከሼንገን አየር ማረፊያ ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ የያዘ ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ነፃ አይደለም። በቪየና በኩል ቤልግሬድ ለመሄድ የሚነሣ ሰው የሰርቢያን ቪዛ ይዞም ቢሆን የትራንዚት ቪዛ ከሌለው አይሳፈርም። ከዚህ የከፋው ሁለት የሼንገን አየር ማረፊያዎችን የሚያገናኝ ትኬት ነው፤ ፍራንክፈርት ወርዶ በማድሪድ በኩል ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚቀጥል መንገደኛ በመሐሉ ወደ ሼንገን ክልል ስለሚገባ የትራንዚት ቪዛውም አይበቃውም፤ መደበኛ የመግቢያ ቪዛ ይጠየቃል። በኢንተርኔት ትኬት የሚሸጡ ድርጅቶች ርካሹን መስመር ከማሳየት በቀር ይህን አያስጠነቅቁም።

ችግሩ የሚገለጠው ቦሌ ላይ ነው። የትኬት ሠራተኛው ፓስፖርቱን ገጽ በገጽ ያገላብጣል፣ ኮምፒውተሩን ያያል፣ ኃላፊውን ይጠራል፣ ሻንጣው ከሚዛኑ ላይ ይወርዳል። መንገደኛው የሠራተኛው ክፋት ይመስለዋል፤ አይደለም። የኅብረቱ ሕግ በቂ ሰነድ የሌለው ሰው ጭኖ የመጣን አየር መንገድ በአንድ መንገደኛ በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ስለሚያስቀጣ ማንም ሠራተኛ ይህን ኃላፊነት በትከሻው አይሸከምም። አየር መንገዳችን ወደ ፍራንክፈርት መብረር የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ሰንደቅ ዓላማችን የሚያርፍበት አየር ማረፊያ ኢትዮጵያዊ ለሁለት ሰዓት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ቪዛ የሚጠየቅበት መሆኑ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊነሣ የሚገባው ይመስለኛል። የዲፕሎማቲክ ፓስፖርት ያላቸው ከዚህ ግዴታ ነፃ በመሆናቸው ለመደራደር የሚበሩት ሰዎች አይገጥማቸውም፤ ስለዚህ ነው በጽሑፍ ማስታወስ ያስፈለገኝ።

ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው ቪዛ እንዲነሣልን አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሚኒስቴሩ በ2016ቱ ውሳኔ ላይ ከኅብረቱ ጋር ያደረገው ውይይት የት እንደደረሰ ለሕዝብ እንዲገልጽ ነው። ውሳኔው የማብቂያ ቀን የለውም፤ የሚነሣው ኅብረቱ ትብብሩ ተሻሽሏል ብሎ ሲያምን ነው። እንግዲህ መንግሥት የማይቀበለው ቅድመ ሁኔታ ካለ ዜጋው ይወቀው፤ ተቀብሎ እየሠራ ከሆነም ይወቀው። ዝምታው ክፍተት ፈጥሯል፤ ክፍተቱን የሞሉት ደግሞ በየካፌው ቀጠሮ እናስይዛለን፣ ቆንስላ ውስጥ ሰው አለን የሚሉ ደላሎች ናቸው። ከድርድሩ ምንም የማይገኝ ከሆነ እንኳ ንጹሕ የጉዞ ታሪክ ላላቸው ሰዎች ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛ እንዲመለስ ለይቶ መጠየቅ ይቻላል፤ ከመመለስ ጉዳይ ጋር ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለምና።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ገንዘብም ድርድርም አይፈልግም። ሚኒስቴሩ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የተዘጋጀ፣ በየጊዜው የሚታደስ የተጓዥ መመሪያ በድረ ገጹ ላይ ያውጣ። መመሪያው ሊይዛቸው ከሚገቡ ነገሮች አንዳንዶቹን ከሥራዬ ላይ ልጥቀስ። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሼንገን በፓስፖርት ማህተም ፈንታ መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምሯል፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ የቆየ ሰው ማህተሙ ደብዝዞ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ የሚቀጥለው ማመልከቻውም በዚያው መዝገብ ይታያል። በአውሮፓ ውስጥ በርካሽ አየር መንገዶች የሚበር መንገደኛ፣ ትኬቱን በስልኩ ይዞም ቢሆን፣ አንዳንዶቹ የኅብረቱ ዜጋ ያልሆነን ሰው ወደ ፍተሻ ከመግባቱ በፊት ሰነዱን በጠረጴዛ እንዲያሳይ እንደሚያስገድዱ፣ ይህን ሳያደርግ በር ላይ ቢደርስ እንደሚመልሱት ማወቅ አለበት። ፓሪስ ተብሎ የተሸጠለት በረራ ከከተማው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በቦቬ ሊያርፍ እንደሚችልም እንዲሁ።

መብቱንም ማወቅ አለበት። ከኅብረቱ አየር ማረፊያ የሚነሣ በረራ ሲሰረዝ ወይም ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ፣ ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ በቀር፣ መንገደኛው እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ መብት ፓስፖርት አይለይም፤ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረውንም ኢትዮጵያዊ ይጨምራል። በተግባር ግን ካሳውን የሚጠይቀው አጠገቡ የተቀመጠው ጀርመናዊ ነው። ልጇ የስዊድን ዜጋ ሆና በሌላ የኅብረቱ አገር፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ የምትኖርላትና በዚህችው ልጅ ድጋፍ የምትተዳደር እናት ደግሞ በቤተሰብ የመዘዋወር መብት ስለምትስተናገድ የ2016ቱ ውሳኔ አይመለከታትም። ይህን የሚያውቅ ስንት ቤተሰብ እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ዘንድ አውቆ የመጣ ግን ጥቂት ነው።

ቅቤውንም አልረሳሁም። ኅብረቱ ከሦስተኛ አገር የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት እንዳያስገባ ይከለክላል። አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ለገንፎው ያነጠረችውን ቅቤና የደረቀውን ቋንጣ ጉምሩክ ሲጥልባት እንደምታለቅስ ሰምቻለሁ። ለእሷ ከቪዛው ክልከላ ያላነሰ ነው፤ አንድ መስመር ቀድሞ ቢነገራት ግን የሚቀር ነበር።

ይህ ሁሉ በየቆንስላው ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ተበታትኖ ይገኛል። ሰብስቦ፣ አረጋግጦና በዜጋው ቋንቋ ጽፎ ለማውጣት በአውሮፓ ከተሞች ኤምባሲዎች ያሉት፣ ሕጎቹንም በየዕለቱ የሚከታተል ባለሙያ ያለው ሚኒስቴሩ ነው። መልሱ በደብዳቤ ለእኔ እንዲደርሰኝ አልጠይቅም። በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ከወጣ አትሜ ለደንበኞቼ በነፃ አድላለሁ፤ በአካባቢዬ ያሉ የጉዞ ወኪሎችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የጉዞ ወኪል ሠራተኛ
አዲስ አበባ